የተደፈነው መርጫ

«በኔ መስመር አንዲት ክሽክሽ ካገኘሽ ስሜን ቀይሪው!» አለ አባቷ፣ የተደፈነውን መርጫውን እንድትጠርግለት እያቀበላት። ባቄላቸውን ክሽክሽ የሚባለው ተባይ ሲወረው ለሙከራ ሁለት መስመር ተካፍለው ነበር፤ እሱ የሱቅ መድኃኒት በመርጫ፣ እሷ የኒም ቅጠል የተዘፈዘፈበት ውሃ በመጥረጊያ እየነከረች። ማሳውን በሙሉ የሚረጨው ያሸነፈው ነው።

የሷ መስመር ንጹሕ ነበር። የሱም እንደዚያው። ታዲያ ማን አሸነፈ? ነገሩ እየከነከናት የመርጫውን ጫፍ ፈታችና በመርፌ ጎረጎረችው። አረንጓዴ የቅጠል ቁራጭ ወጣ። አሸተተችው፤ ኒም ኒም ሸተታት።

«አባዬ፣ የሱቅ መድኃኒት ቅጠል ማብቀል ጀመረ እንዴ?»

አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ። ባቄላውን አየ፤ ሰማዩን አየ፤ እሷን ግን አላየም።

«ለማሳው ስትዘፈዝፊ በደንብ አጥልዪው» አለ ቀስ ብሎ። «መርጫዬን ደፈንሽብኝ እኮ።»