ከእንድሪስ በላይ

«እስቲ ደግመህ አጥፍተህ አብራው» አለችኝ ኛኩዋኒ፣ ለአምስተኛ ጊዜ።

አጥፍቼ አበራሁት። የአባቷ የመምህር ጋትኩት ኮምፒውተር ጮኸ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያም ጥቁሩ ስክሪን ላይ ያችን የለመድናትን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አወጣ፤ ዲስኩ መነሻ የለውም፣ ቀይርና አንዱን ቁልፍ ተጫን ትላለች። ያልተጫንኩት ቁልፍ አልነበረም። የቀረኝ በጡጫ ማለት ብቻ ነው።

መብራት ከመጣ ግማሽ ሰዓት አልፏል። ያኔ ክልሉ ክልል ከሆነ ገና ጥቂት ዓመቱ ነው፤ ጋምቤላ ውስጥ መብራት የሚባለው የከተማው ጄኔሬተር ማታ ማታ ለጥቂት ሰዓት ሲነሳ ነበር።

ጠዋት የኛኩዋኒ እጮኛ ወገኖች ይመጣሉ። ኑዌሮች ዘንድ ስለ ጥሎሽ ከብት ከመነጋገር በፊት የሁለቱም ወገን አባቶች በስም ይቆጠራሉ፤ ልጆቹ ዘመዳሞች ከሆኑ ጋብቻው ይቀራል። የእሷን ወገን አጥርቶ የሚያውቀው አባቷ ነበር፣ እሱ ደግሞ ካረፈ ሰባት ወሩ። ኢታንግ የስደተኞች ካምፕ ሳለ ሽማግሌዎቹን እየዞረ ጠይቆ፣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሲወጣ በተወለት በዚህ ኮምፒውተር ጽፎታል። ሽማግሌዎቹ ዛሬ የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም።

የመምህሩ ታናሽ ወንድም አባባ ሉል ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ የበቆሎ ፍሬ ይደረድራል፤ ለአንድ አባት አንድ ፍሬ። ስድስተኛው ላይ ቆመ።

«ከዚህ በላይ ወንድሜ ነው የሚያውቀው» አለ። «እኔ ከብት ጠበቅኩ። እሱ ጠየቀ።»

«እነሱ አስር ይቆጥራሉ» አለች ኛኩዋኒ። «የእጮኛዬን አስሩንም በቃሌ ይዣለሁ። እኛ ስድስት ላይ ስናቆም ምን ደበቃችሁ ይሉናል። ደግሞስ…» አልጨረሰችውም። ልጁን እንደምትወደው ጋምቤላ ሁሉ ያውቃል።

እኔን የጠሩኝ የቢሮ ኮምፒውተር ስለምነካካ ነው። መነካካቱን ያስተማረኝ ግን መምህር ጋትኩት ነበር፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ። «አንቱ» ስለው «ስንት ሆኜ ታየሁህ?» እያለ ይቆጣ ስለነበር፣ እዚህ ቤት አንቱታ የለም። ከሰፈራ መንደር ለትምህርት የመጣሁ ሰሞን «መጀመሪያ የምትጽፈው የአባቶችህን ስም ነው» አለኝ። ይመር፣ እንድሪስ ብዬ ቆምኩ። አባቴን ከወሎ በመጣን በዓመቱ ወባ ገደለው፤ ከዚያ በላይ የሚነግረኝ ሰው አልነበረኝም። መምህሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«ሁለት! ሀሩን፣ ማን ነው ላንተ ልጁን የሚድረው?»

ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ሰላምታው «ከእንድሪስ በላይስ?» ሆነ። ያኔ ያሳፍረኝ ነበር። አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ደግሞ ቢጠይቀኝ ምን ነበር እላለሁ።

የኮምፒውተሩን ሳጥን ጎን ከፈትኩ። አቧራውን እፍ አልኩት፣ ሜሞሪውን አውጥቼ በላጲስ ጠረግኩ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ጠበቅ አደረግኩ። ያልነካሁት ዳንቴሉን ብቻ ነው። የመምህሩ ባለቤት እማማ ኛዴንግ በልኩ ሠርታ ያለበሰችው ነው፤ የሳጥኑን ፊት እስከ ታች ይሸፍናል። እሱ ካረፈ ወዲህ ማንም አልገለጠውም፤ እኔም አልደፈርኩም። ማብሪያውን እንኳ በዳንቴሉ ላይ ነበር የምጫነው።

ስድስተኛ ጊዜ ሳበራው ጆሮዬን አስጠጋሁ። ጽሑፉ ከመምጣቱ በፊት የሆነ ነገር ግርር ይላል፤ ከዳንቴሉ ቀዳዳዎች ጀርባም አረንጓዴ መብራት ብልጭ አለች። መጀመሪያ ማየት የነበረብኝ የፊቱን የዲስክ አፍ ነበር፤ በራሴ አፈርኩ።

«እማማ ኛዴንግ፣ ይሄን ልግለጠው?»

ከምድጃው አጠገብ ተነሳች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ መጣች፣ ራሷ ጥብጣቡን ፈትታ ዳንቴሉን አነሳች። ፍሎፒ የሚባለው ስስ ዲስክ አፉ ውስጥ ተሰክቶ ቁጭ ብሏል። ጄኔሬተሩ ሲጠፋ ኮምፒውተሩም አብሮት ይጠፋ ነበር፤ መምህሩ የመጨረሻዋን ምሽት ሳያወጣው መብራት ቀድሞታል። ሰባት ወር ሙሉ እዚያው ነበር፤ ኮምፒውተሩም ይኸው በራሱ ዲስክ ፈንታ ከእሱ ልነሳ ይላል።

አወጣሁት። እማማ ኛዴንግ ከእጄ ተቀብላ በመዳፏ ያዘችው። አበራሁ፤ ያ የመክፈቻው ሰማያዊ ሰማይ ከነደመናው ስክሪኑ ላይ መጣ።

ኛኩዋኒ ጽሑፉን ከፍታ ማንበብ ጀመረች። አባባ ሉል ፍሬውን ቀጠለ፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። በየስሙ ቆም እያለች ከእጮኛዋ አስር አባቶች ጋር በከንፈሯ ታስተያያለች። አስራ አራት ላይ አለቀ።

«አንድም የለም!» አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። አባባ ሉል እየሳቀ የተረፉትን ፍሬዎች ሰበሰበ። እኔም ዓይኔን ጠረግኩ፤ አቧራው ነው አልኳቸው።

«ይሄስ የምን ነው?» እማማ ኛዴንግ ፍሎፒውን ዘረጋችልኝ። የተለጠፈበት ወረቀት ላይ በመምህሩ የእጅ ጽሑፍ ስሜ ተጽፏል።

መልሼ ከተትኩት። ያለው አንድ ገጽ ነው፤ ገጹ ላይ አምስት ስም።

«ከመታመሙ በፊት» አለች እማማ ኛዴንግ፣ «በብስክሌት ወደ እናንተ መንደር ሄደ። ሁለት ቀን እዚያ አደረ። ሽማግሌ ጠየቀ አሉ። እኔ ምን ፈለግክ ስለው ሳቀ ብቻ።»

«አንብብ» አለ አባባ ሉል።

«ይመር። እንድሪስ።» ጣቴን ስክሪኑ ላይ ወደ ቀጣዩ መስመር አወረድኩ። «አሊጋዝ… ሽፋው… በሽር።»

ቀና ስል አባባ ሉል ከኛኩዋኒ አባቶች ስር ሁለተኛ ረድፍ ጀምሯል። አምስቱን ፍሬ ደርድሮ፣ ስድስተኛውን በሁለት ጣቱ ይዞ ይጠብቀኛል፤ «ከበሽር በላይስ?»