ከባቲ በታች፣ ደረቁ ወንዝ አፍ ላይ

ሽማግሌው ዱላውን ከፍ አድርጎ መንገዱ መሀል ቆሟል፤ ወንድሜ አብዱሰላም ደግሞ ጡሩንባውን እያስጮኸ ወደ እሱ ይነዳል።

«አብዱ፣ አቁም!» እለዋለሁ።

«ማሎ፣ ሪሀና! ቶፊቅ ከኋላችን ነው እኮ!»

እውነቱን ነው። የደሴው ቶፊቅ የሚያስነሳው አቧራ በጎን መስታወቱ ይታየኛል፤ አሥር ደቂቃ ቢርቀን ነው። ጠዋት ለውድድሩ ከባቲ ከተነሱት አሥራ አንድ መኪኖች እኛ አንደኛ ነን። ወንድሜ ሁለት ዓመት ተወዳድሮ ሁለቱንም ዓመት መኪናዋ ተጎትታ ነው አገራችን ከሚሴ የገባው። መኪናዋ የአጎታችን ናት፤ በሚቀጥለው ሳምንት ትሸጣለች። ዛሬ ካላሸነፈ ሌላ ዕድል የለውም።

ግን አፋር አገር ሰው አግኝቶ ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ባቲ ገበያ ጨርቅ ስንሸጥ አይቻለሁ፤ ሁለት አፋሮች ከተገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሁሉ ይነጋገራሉ። ዳጉ ይሉታል። የቱ ጉድጓድ ደረቀ፣ ማን ታመመ፣ የማን ግመል ጠፋች፣ ምንም አይቀርም። እኔ ደግሞ ወሬ ስወድ ለጉድ ነው። ይሄ ሽማግሌ ምን ይዞ ይሆን?

አብዱሰላም ፍሬኑን ይረግጣል። «ሁለት ደቂቃ ብቻ!» ይለኛል። ተናዷል።

ሽማግሌው ሁመድ ይባላል፤ የባቲ ገበያ አማርኛ ይናገራል። ግመሎቹን ዳር አቁሞ አንዲት ግራር ጥላ ሥር ይቀመጥና እኛም እስክንቀመጥ ይጠብቃል። ወሬውን ይነግረናል ብዬ ስጓጓ እሱ ጠያቂ ሆኖ አረፈው።

«ሰላም ናችሁ? ከየት ተነሳችሁ?»

«ከባቲ።»

«ማንን አያችሁ? ከብቱ እንዴት ነው? ሣሩስ?»

አብዱሰላም ሰዓቱን ያያል፣ እኔ እመልሳለሁ። መንገድ ላይ ያገኘናቸውን እዘረዝራለሁ፣ ከብቱ ወፍሯል እላለሁ፣ ሌሊት ዝናቡ ድንኳናችንን አርሶ እንዳላስተኛንም አጫውተዋለሁ።

ሁመድ እጁን ያነሳል። «ዝናቡ በየት በኩል ነው?»

«በላይ፣ በተራራው።»

«ብዙ ነው?»

«ወላሂ ሲያወርደው ነው ያደረው! ያባራው ሱብሂ ከሰገድን በኋላ ነው።»

ሽማግሌው ብድግ ይላል። ከፊታችን የውድድሩ ቀይ ባንዲራዎች ቁልቁል ወደ ደረቁ ወንዝ ይገባሉ። አሸዋው ለጥ ያለ ነው፣ ለመኪና እንደሱ የሚመች የለም። ግን ግራና ቀኙ ገደል ስለሆነ አንዴ ከገቡ ለአሥራ አምስት ኪሎ ሜትር መውጫ የለውም።

«እዚህ ውስጥ አትግቡ» ይላል ሁመድ። «ውሃው እየመጣ ነው።»

ሁለታችንም ቀና እንላለን። ሰማዩ ላይ አንዲት ደመና የለችም። እኛ አገር ዝናብ ሲመጣ ይታያል፤ ከራሳችን በላይ ካልጠቆረ ወንዝ አይሞላም ብለን ነው ያደግነው።

«መቼ ይደርሳል?» ይላል አብዱሰላም።

«አላህ ያውቃል። አሁን ሊሆን ይችላል፣ ከዙህር ሶላት በኋላም ሊሆን ይችላል።»

«በሃያ ደቂቃ እኮ እወጣዋለሁ» ብሎ ለራሱ ያጉተመትማል። እኔም፣ አልዋሽም፣ ለትንሽ ነው ሂድ ያላልኩት።

መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ያስነሳል። «ኮቱ፣ ግቢ!» እስኪለኝ እጠብቃለሁ። አይለኝም። መኪናዋን ወደ ወንዙ መውረጃ ይወስድና አግድም ያቆማታል። ከዚያ ሞተሩን ያጠፋል።

«ምን እያደረግህ ነው? መንገድ የዘጋ ይሰረዛል እኮ!»

«አውቃለሁ» ይላል። «ቶፊቅ ግን ለሽማግሌም አያቆምም።»

ቶፊቅ እየጮኸ ይደርሳል። «ተበላሸችብህ? ዞር በል!»

«ጎርፍ እየመጣ ነው።»

ቶፊቅ ሰማዩን አይቶ ይስቃል። «የምን ጎርፍ? ልቅደምህ ስል ጎርፍ መጣ? ለዳኞቹ እጽፍብሃለሁ!» ብሎ ወረቀት ያወጣል፤ ሰዓቱንና የመኪናችንን ቁጥር ይመዘግባል።

«ጻፍ» ይለዋል ወንድሜ። ቁልፉን ኪሱ ይከታል።

እንጠብቃለን። አንዲት እንሽላሊት አሸዋውን አቋርጣ ትሄዳለች። ቶፊቅ ይሳደባል። ሁመድ ዱላውን ተደግፎ የወንዙን መታጠፊያ ያያል። ተሳስቶስ ቢሆን? ወንድሜን በወሬ ፍቅሬ ከውድድር ያስወጣሁት እኔ ነኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎርፍ እንዲመጣ ዱአ አደርጋለሁ። አፍሬ እተወዋለሁ፣ መልሼ ደግሞ አደርጋለሁ።

መጀመሪያ የእርጥብ አፈር ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ድንጋይ የጫነ አይሱዙ ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ። ሁመድ ግመሎቹን ወደ ላይ ይነዳል፣ እኛም እንከተለዋለን። ከመታጠፊያው ላይ ቡናማው ውሃ አረፋና ግንድ እየገፋ ብቅ ይላል። ቀዩን ባንዲራ ይጥለዋል፣ ቀጥሎ ያለውንም፣ ከዚያ ወዲያ ያለውንም። አሸዋ የሚባል ነገር አይታይም።

የውድድሩ መንገድ የለም። ወንድሜ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያለቅሳል። ፈርቶ ይሁን ተቆጭቶ አላውቅም፤ ሁለቱም ይመስለኛል።

ቶፊቅ ወረቀቱን እንደያዘ መጥቶ አጠገቡ ቁጭ ይላል። በኋላ በጣቱ ወደ ውሃው ያመለክታል፤ ደመና በሌለው ሰማይ ሥር፣ ዘር በማያውቀው በረሃ መሀል፣ አንድ ለምለም የበቆሎ አገዳ ከተራራው እርሻ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ ተነቅሎ በፊታችን ያልፋል።