ፎቁ ዝቅ ሲል

መፍቻውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ ትስባለች። ብሎኑ አልንቀሳቀስም ብሎ ይቆይና በድንገት ይላላል። የቆመችው ከጋራዡ ወለል በታች በተቆፈረው የመሥሪያ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ከራሷ በላይ ያለው የአባቷ ፒካፕ ሆድ ነው፣ በዘይትና በአሮጌ ጭቃ የጠቆረ።

በጉድጓዱ ጠርዝ በኩል የሚታያት ጫማ ብቻ ነው። የአባቷ ጥቁር ቆዳ ጫማና ምርኩዙ፤ ከጎኑ የድሮ የሥራ ባልደረባው ሰፊ ሰንደል።

“ፎቁን ምድር ቤት ልታደርጊው ነው እንግዲህ” ይላል ባልደረባው ወደ ታች።

አባቷ በጉልበቱ ዘመን፣ ወንዝም ድንጋይም እንዳይመልሰው ብሎ፣ ፒካፑን ከፍ አስደርጎት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሙሉ “ፎቁ” ነው የሚለው።

“አንተ ደግሞ አፍህ አያርፍም። ሥራዋን ትሥራበት።”

“ምን አልኩ? ሊፍት ከምናስገባለት ይሻላል ነው ያልኩት።”

ጉድጓዱ ውስጥ ትስቃለች፤ ሳቋ ግን ቶሎ ያልቃል። ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ የአባቷ ግራ እግር በራሱ ወደ ላይ አይነሣም። ፒካፑ ላይ የሚወጣበት አንድ መንገድ ብቻ ቀርቶታል፦ ጀርባውን ለመኪናዋ ሰጥቶ መቀመጫው ጠርዝ ላይ ማረፍ፣ ከዚያ እግሮቹን ማስከተል። መቀመጫው ግን ከወገቡ በላይ ነው። ደግፈው ሊያነሡት የመጡትን ሁሉ፣ እሷንም ጭምር፣ “እኔ ጆንያ አይደለሁም” ብሎ መልሷል። ዛሬ ከቤት ሲወጡ ደግሞ ቁርጡን ነግሯታል፦ “በራሴ ካልገባሁባት ሽጪልኝ። በር ላይ ቆማ እያየኋት አላረጅም።”

የኋላው ሥራ አልቋል፤ ከየባሌስትራው ድርብርብ ብረት አንዳንዱ ተነሥቶ የመኪናዋ ኋላ ዝቅ ብሏል። የቀረው የፊቱ ነው።

የፊቱን ክብደት የሚሸከሙት ሁለት ዘንጎች ናቸው። ለሚያያቸው ምንም አይደሉም፤ ቀጥ ያሉ፣ ለስላሳ፣ ከሴት እጅ አንጓ የማይወፍሩ። ነገር ግን ውኃው እንደሚጨመቅ ልብስ ተጠምዝዘው ነው የታሰሩት። ሊፈቱ ይታገላሉ፤ ሞተሩንና ያን ሁሉ ብረት ከመሬት አንሥቶ የያዘው ይኸው ትግላቸው ነው። ሙያውን ስትማር ያወቀችው ነገር ቢሆንም፣ እስከ ዛሬ ስለ እነሱ ስታስረዳ ድምፅዋ ሳታውቀው ዝቅ ይላል።

ጥምዙን የያዘውን የግራውን ብሎን ጥቂት ታላላለች፣ ቀኙን ጥቂት፣ እንደገና ግራውን። ብሎኖቹ በላሉ ቁጥር የመኪናዋ ፊት ዝቅ ማለት አለበት፤ አሁን ግን ወደ ጫፋቸው ደርሰዋል።

“አባዬ፣ በል ሞክራት!”

ጫማዎቹ ይዞራሉ፤ ተረከዛቸውን ለመኪናዋ ሰጥተው ይቆማሉ። ምርኩዙ ወለሉን ይጫናል። ተረከዞቹ ይነሣሉ፣ ይንቀጠቀጣሉ፣ ይመለሳሉ።

“ጣት ታህል ቀረችህ” ይላል ባልደረባው። አሁን አይቀልድም። “ትንሽ ብቻ ገፋ ላድርግህ?”

“እንዳትነካኝ!”

ከላይ ረጅም ትንፋሽ ይሰማል።

“በቃ፣ ልጄ፣ ውጪ። ደክመሻል።”

ብሎኑን ታያለች። ከዚህ በላይ ከላላ ከቦታው ይወጣል። መፍቻውን ልታስቀምጥ ስትዞር ዓይኗ ጎማው ላይ ያርፋል። የጎማው ጎን ወደ አንድ ወገን አብጧል፤ ሊሄድ ፈልጎ ወለሉ እንዳልለቀቀው ሁሉ።

ትደነግጣለች። መኪና እውነተኛ ቁመቷን የምታሳየው ጥቂት ከተንከባለለች በኋላ ነው፤ እስከዚያ ጎማው ወለሉን ነክሶ ይይዛታል። የጋራዡ ሠራተኞች ሳያንከባልሉ ሲለኩ ሁልጊዜ የምትቆጣው እሷ ናት። ዛሬ ጉጉቷ አስረሳት።

“አባዬ! ሳትሄድ እኮ ነው የለካናት!”

ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰው አባቷ፣

“አይ እኛ!” ይላል። “ሁለት ሹፌር እዚህ ቆመን!”

“ጋሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ልቀቅላት!” ትለዋለች ባልደረባውን።

ሰንደሉና ቆዳ ጫማው ጎን ለጎን ወለሉን ይረግጣሉ።

“ሁለት ሽማግሌ ፎቅ ሲገፉ ያየ ሰው አበዱ ነው የሚለው” ይላል ባልደረባው እያቃሰተ።

“ግፋ፣ አታውራ!”

ፒካፑ ክንድ ያህል ወደ ኋላ፣ ክንድ ያህል ወደ ፊት ይንከባለላል።

ያኔ ይወርዳል።

ድምፅ የለውም። ጎማዎቹ ወለሉን ይለቁና ወደ ውጭ ገለል ይላሉ፤ ያ ሁሉ ጥቁር ብረት፣ ሊተኛ እንደወሰነ ትልቅ እንስሳ፣ ሳይቸኩል ወደ እሷ ይመጣል። ራሷን ዝቅ ማድረግ ይገባት ነበር፤ አታደርግም። አፏን ከፍታ ቀና ብላ ታያለች። ይህ ሁሉ ክብደት መፍቻ ላዞረው ክንዷ ታዟል፤ እሷ ራሷ ግን ማመን ያቅታታል።

መኪናዋ ትቆማለች። የእጅ ፍሬኑ ይያዛል።

ጫማዎቹ ይመለሳሉ፤ ተረከዝ ለመኪናዋ። እጇ የሚይዘውን አጥቶ ግራው ዘንግ ላይ ያርፋል።

ተረከዞቹ ይነሣሉ። የጫማዎቹ ጫፍ ወለሉን እንደነካ ይቆያል፣ ይቆያል። ከዚያ ቀኙ ከወለሉ ይጠፋል። ግራውን የራሱ ሁለት እጆች ከጉልበቱ ሥር ያነሡታል፤ እሱም ይጠፋል።

ዘንጉ በመዳፏ ሥር፣ ዓይን በማያየው ልክ፣ ጥቂት ይጠመዘዛል። አባቷ ነው።