የጠላት ማሊያ የለበሰው ተቀያሪ

«ኦርቪል፣ መጀመሪያ ከረጢቱን አውልቅና ከዚያ አናግረኝ።»

ማርሊስ ናት... የስታዲየሙ ደረጃ ላይ ብርድ ልብሷን ወደ ጉልበቷ እየሳበች።

ኦርቪል ግን አላወለቀም። ለዓይን ሁለት ቀዳዳ የወጣለት የወረቀት ከረጢት ጭንቅላቱ ላይ እንዳጠለቀ ነው።

ምን ልዋሽ... እኔም አጥልቄ ነበር።

የኮሌጃችን የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ ያ ኳስ በእጅ የሚወረወርበት፣ ዘጠኝ ጊዜ ተጫውቶ ዘጠኙንም ተሸንፏል። እንዲህ ሲሆን እዚህ አሜሪካ፣ አይዋ ግዛት፣ ፊታችንን ሸፍነን ነው ሜዳ የምንገባው... የማን ደጋፊ እንደሆንን ሰው እንዳያውቅብን።

የዕለቱ ተጋጣሚያችን ቤልሃም ደግሞ ዘንድሮ ማንም አላሸነፈውም።

«ልጅሽ ዛሬ ይገባል?» አላት ኦርቪል።

«ይገባል። አሰልጣኙ ቃል ገብቶለታል።»

የማርሊስ ልጅ ዌንደል አራት ዓመት ሙሉ ተቀያሪ ነው። አንድ ደቂቃ እንኳን ተሰልፎ አያውቅም።

እሷ ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ሦስት ሰዓት ነድታ ትመጣለች... ልጇ ቆሞ ሲያጨበጭብ አይታ ትመለሳለች።

ያ ቀን ተመራቂ ተጫዋቾች የሚሸኙበት የመጨረሻው ጨዋታ ነበር። ጠዋት የልጇን ክንድ ይዛ ሜዳውን አቋርጣለች፤ የሰጧት አበባ ካፖርቷ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ቅዳሜ የለም።

«ምን ብሎ ነው ቃል የገባለት?»

«በሃያ ነጥብ ከተመራን በመጨረሻው ሩብ ክፍለ ጊዜ ትገባለህ ብሎታል።»

ኦርቪል ከከረጢቱ ውስጥ ሳቀ። «በሃያ? እንግዲያው ገና ከእረፍት በፊት ይገባልሻል።»

ቀጠለ ደግሞ...

«ለመሆኑ ልጅሽ የማን ደጋፊ ነው? ረቡዕ ዕለት ማደያ አግኝቼዋለሁ። የቤልሃምን ቀይ ማሊያ ለብሷል። ሰባት ቁጥር... የኬስለርን።»

ኬስለር የቤልሃም ኮከብ ነው። ኳሱን የሚወረውረው እሱ፣ ጨዋታውን የሚመራው እሱ።

ማርሊስ ዞር ብላ አየችው። ምንም የምታውቀው ነገር እንደሌለ ፊቷ ይናገራል።

እኔም በሆዴ «ይሄ ልጅ መሮት ከጠላት ጋር አበረ» አልኩ። እንዲህ ማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ጨዋታው ተጀመረ...

ኬስለር ወረወረ። የኛ ልጆች ቀድመው እዚያው ቆመዋል።

ሊሮጥ አሰበ... የሚሮጥበትን መንገድ ዘግተው ጠበቁት።

ለእረፍት ሲወጡ አሥር ለሰባት እየመራን ነበር። ኦርቪል ከረጢቱን እስከ አፍንጫው ሰቀለው።

በመጨረሻው ሩብ አሥራ ሦስት ለአሥር። አሁን ከረጢቱን አውልቆ ተቀምጦበታል። ሰው ሁሉ ቆሟል... ከማርሊስ በስተቀር።

«ምነው ደስ አላለሽም?» አልኳት።

«ደስ ብሎኛል» አለች። «ግን እንዲህ ከሆነ ልጄ አይገባም።»

እኛ ወደ ድሉ በቀረብን ቁጥር ልጇ ከሜዳው እየራቀ ነበር።

አንድ ደቂቃ ሲቀር ቤልሃም አፍንጫችን ሥር ደረሰ። ኬስለር ወደ ቀኝ የሚወረውር መሰለና ወደ ግራ ላከው...

ታቪያን የሚባለው ተከላካያችን ኳሱን በሁለት እጁ ቀለበው።

ሃያ ሰከንድ ቀረ።

ይሄኔ አሰልጣኙ ዞር ብሎ ዌንደልን ጠራው።

ሰዓቱ እንዲያልቅ ኳሱን ተቀብሎ አንድ ጉልበቱን መሬት ማስነካት ነው ሥራው። ማንም ሰው ሊሠራው የሚችል ነገር።

ገባ፣ ተቀበለ፣ ተንበረከከ። አለቀ።

«አራት ዓመት ጠብቆ ለመንበርከክ...» አለ ኦርቪል። አንድም ሰው አልሳቀለትም።

ሕዝቡ በደስታ የግቡን ቋሚ ሊነቅል ወደ ሜዳ ጎረፈ። ታቪያን ግን ኳሷን ይዞ ወደ እኛ ደረጃውን ወጣ።

«ማዘር፣ ይህቺ የእርስዎ ናት።»

«የኔ? እኔ ምን አደረግኩና?»

«ልጅዎ ከሰኞ ጀምሮ ኬስለርን ሆኖ ሲያሰቃየን ነው የከረመው። ተቀያሪዎች በልምምድ ላይ የተጋጣሚን ማሊያ ለብሰው ይገጥሙናል። ኬስለር ወደ ግራ ከመወርወሩ በፊት ቀኝ ተረከዙን ያነሳል... ቪዲዮ ደጋግሞ አይቶ ይህን ያገኘው ዌንደል ነው። አምስት ቀን ሙሉ ተረከዙን እያነሳ ወረወረብን። እኔ ዛሬ ኳሱን አላየሁም፣ ተረከዙን ነው ያየሁት።»

ኦርቪል አንገቱን ደፋ።

ማርሊስ ቀስ ብላ ጠየቀች... «ካሸነፋችሁ እንደማይገባ ያውቅ ነበር?»

«ሐሙስ ዕለት ነግሬዋለሁ ማዘር። "መግባት ከፈለግህ ልምምዱን ቀለል አድርገውና ቅዳሜ ይደብድቡን" አልኩት እየቀለድኩ።»

«ምን አለህ?»

«"ቦታህ ቁም፣ እንደገና እንሥራው" አለኝ።»

ማርሊስ ኳሷን አቅፋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን አፍራለሁ።

ኦርቪል የተቀመጠበትን ከረጢት አነሳ፤ በእጁ አቃናው፤ ወርዶ ዌንደል ፊት ቆመ።

«ፈርምልኝ ልጄ።»

ዌንደል ስሙን ጻፈ። ከሥሩም የራሱን ቁጥር... አሥራ ስድስት።

አራት ዓመት አጠገባችን ቆሞ ሲያጨበጭብ፣ ቁጥሩን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ወገኖቼ... «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል። ይህ ልጅ ግን የራሱን አሳንሶ ለጓደኞቹ ቆረሰ፤ ያውም ማንም ሳያየው። በቤታችሁም በመሥሪያ ቤታችሁም እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም... ከረጢታችሁን አውልቃችሁ እዩት።

እናንተስ በዌንደል ቦታ ብትሆኑ፣ ሐሙስ ዕለት «ቀለል አድርገው» ስትባሉ ምን ትመልሱ ነበር? እውነቱን ጻፉልኝ...