አስራ ሁለት ጉርሻ

ሴትዮዋ ኮሪያ ከገባች ጀምሮ ልቧ እንደተሰቀለ ነው። የእህቷ ልጅ ሴኡል ውስጥ ሥራ አግኝታላታለች፤ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ትጠብቃታለች። ከአስጎብኚዋ ዓይን ሹልክ ማለት ብቻ ነው የቀራት።

አስጎብኚዋ ሶ ሂ በየጠዋቱ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማ አስራ ሁለቱን ጎብኚዎች በአማርኛ ትቆጥራለች። ቁጥሩን ያስተማረቻት ራሷ ሴትዮዋ ናት።

በድሮው ቤተ መንግሥት ግቢ ሁሉም ጣሪያውን ሲያይ እሷ በሩን ታያለች። አብራት የምታድረው አስካለማርያም በክንዷ ጎሸም አደረገቻት።

«አንቺ ሴት፣ ምን ያቁነጠንጥሻል? ልትጠፊ እንዳይሆን! አንድ ሰው ቢጎድል ይቺ ምስኪን ከሥራዋ ትባረራለች። አገር እንዳታሰድቢ!»

«ኧረ ጫማው ጠቦኝ ነው!»

ምሳ ላይ ሶ ሂ ሥጋውን በሰላጣ ቅጠል እየጠቀለለች አስራ ሁለቱንም በየተራ አጎረሰቻቸው። «እናንተ ጉርሻ፣ እኛም ጉርሻ!» እያለች ትስቃለች። ሴትዮዋ ግን ጉርሻውን እያኘከች ሰዓቷን ታያለች።

ከምሳ በኋላ የአንድ ሰዓት ዕረፍት ተሰጣቸው። ሴትዮዋ ጣቢያው ድረስ ሄደች። የእህቷን ልጅ ከሩቅ አየቻት። ሁለት እርምጃ ሄደችና ቆመች። «በእጇ ያጎረሰችኝን ሰው እንዴት ብዬ!» አለች ለራሷ። የዕረፍቱ ሰዓት ካለፈ ግማሽ ሰዓት ሆኖት ስለነበር «ይሄኔ ሁሉም እኔን እየጠበቁ ነው» እያለች፣ ጫማዋን አውልቃ ሮጠች።

ሶ ሂ አውቶቡሱ በር ላይ ቆማለች። ውስጥ ሹፌሩ ብቻ አለ። የአስካለማርያም ቦርሳ እንኳ የለም።

«አንድ» አለች ሶ ሂ፣ ጣቷን እንዳነሳች።