«አልበቃም በይልኝ»

«ገንዘቡ አልበቃም በይልኝ!» አሉ አባባ ወዚር… የምክሩን ዋጋ ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ።

ወለተኢየሱስ ግራ ገባት።

«አባባ… ሞልቷል እኮ! ስንት ዓመት የጠበቁት ቀን ነው!»

«ሞልቷል። ለሚስቴ ለጁሀራ ግን አልሞላም በያት።»

ወለተኢየሱስ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት። ለባንክ ሥራ ሮቤ መጥታ በዚያው ቀረች… ከዚያ ባንኩን ለቃ ገበያው ጥግ አንዲት ክፍል ተከራየችና «የገንዘብ ምክር» የሚል ሰሌዳ ሰቀለች።

ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀባት። «ምክር ደግሞ በብር? ሽማግሌ በነጻ የሚሰጠውን!»

እሷ ግን አንድ ሕግ ነበራት… ከሚመከረው ሰው ቁርጥ ያለ ዋጋ ትቀበላለች። ከቦታ ደላላ፣ ከመኪና ሻጭ፣ ከማንም ኮሚሽን አትነካም። «ከሻጭ ከበላሁ አፌ የሻጭ ነው» ትላለች።

አባባ ወዚርና እማማ ጁሀራ የመጀመሪያ ደንበኞቿ ናቸው። ስንዴ ገበሬዎች። ኮምባይነር ማሳቸውን በለቀቀ ቁጥር ይመጣሉ… ጥያቄያቸውም ሁሌ አንድ ነው።

«ለሐጅ በቃ ወይ?»

አብረው መካን ከማየት ሌላ ምኞት የላቸውም። ሴት ልጃቸውን እንኳ «መርዋ» ያሏት በመካው ኮረብታ ስም ነው!

ወለድ አይነኩም። እሷም «ከወለድ ነጻ ሂሳብ ላይ አስቀምጡ፣ ከዚያ ወይፈን እየገዛችሁ አደልቡ» አለቻቸው። እንዲህ እንዲህ እያለ ዘንድሮ ለሁለት ሰው ሞላ…

ዘንድሮ ደግሞ የእማማ ጁሀራ ልብ ታመመ።

«ሐኪሙ አውሮፕላን የማይታሰብ ነው ብሏታል» አሉ አባባ ወዚር። «ሞልቷል ካልሻት ‹ብቻህን ሂድ› ትለኛለች። ያለ እሷ ካዕባ ፊት ቆሜ ምን ልበል ልጄ? ወላሂ አልችልም!»

ወለተኢየሱስ ብሩን መለሰችላቸው።

«አባባ… እኔ ውሸት አልሸጥም።»

ተቆጥተው ወጡ።

ከሰዓት በኋላ በሯ ላይ ባጃጅ ቆመ። እማማ ጁሀራ! በልጃቸው በመርዋ ትከሻ ተደግፈው… እያለከለኩ።

«አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ ልጄ… ለአባ መርዋ ገንዘቡ በቃ በይልኝ! ባይበቃም በቃ በይው። የጎደለውን ወርቄን ሸጬ እሞላለሁ። እሱ ብቻ ይሂድልኝ።»

«እማማ… ለምን እንዲህ ይጨነቃሉ?»

«እኔ ቀረሁ፤ አላህ ያለው ነው። እሱም በኔ ምክንያት ከቀረ ግን ናፍቆቴ ሁለት ይሆንብኛል።»

ወለተኢየሱስ ባልና ሚስት ገንዘብ ሲደባበቁ ስንቱን አይታለች! ፍቅር ሲደባበቁ ግን ማየቷ ገና ነው። የሷ ትዳር «በሥራ ዝውውር ምክንያት» እየተባለ በስልክ ቀዝቅዞ የቀረ ነው። እንዲህ የሚሳሳልኝ ሰው ቢኖረኝ ብላ ቀናች… እውነት ለመናገር፣ ቀናች!

በማግስቱ ቤታቸው ሄዳ ሁለቱንም አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠቻቸው።

«ገንዘቡ ሞልቷል… ለሁለት ሰው» አለች።

አባባ ወዚር አንገታቸውን ደፉ።

የእማማ ጁሀራ ፊት ግን በራ።

«ለሁለት ሰው ነው ያልሽው?»

«አዎ እማማ።»

«እንግዲያው አባ መርዋ… ሁለቴ ሂድ!»

ለካ ሼሁን ጠይቀው ኖሯል! መሄድ ላልቻለ በሽተኛ ሌላ ሰው በስሙ ሐጅ ያደርግለታል። የሚሄደው ሰው ግን አስቀድሞ የራሱን መፈጸም አለበት።

«ዘንድሮ ላንተ… በሚመጣው ለኔ» አሉ።

አባባ ወዚር እንደ ሕፃን አለቀሱ። ሄዱም።

ከመካ በቪዲዮ ደወሉና ካዕባን አሳዩዋቸው። እማማ ጁሀራ «ያ ረቢ!» ብለው እንባቸውን ለቀቁት… ቆይተው ግን እንዲህ አሉ።

«በቃ፣ አየሁት። አሁን ስልኩን ወዳንተ አዙረው… ናፍቀኸኛል።»

አባባ ወዚር በሰላም ተመለሱ። ብዙም ሳይቆይ… እማማ ጁሀራ አረፉ።

ዘመድ ተሰበሰበ። «እሷ አርፋለች፣ ዱዓ ይበቃታል። አንተ ጡረታ የለህ! በቀረው ገንዘብ ቦታ ግዛበት» አላቸው።

አባባ ወዚር ወደ ወለተኢየሱስ መጡ።

«ሂሳቡ ምን ይላል ልጄ?»

ሂሳቡ የሚለው «ሁለተኛው ጉዞ ይቅር» ነበር። የደከሙ ሰው ናቸው፤ ነገ አለ፣ ሕመም አለ…

«ይህ ገንዘብ የማን ነው አባባ?» አለቻቸው።

«የጁሀራ።»

«እንግዲያው እኔ አልመክርበትም። የገንዘቡ ባለቤት መክረውበት ነው ያረፉት።»

አባባ ወዚር «ጋላቶሚ» ብለው አመስግነው ወጡ።

ሁለተኛውን ሐጅ ፈጽመው ሮቤ ሲገቡ ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። «ሐጂ ወዚር! ሐጂ ወዚር!»

እሳቸው እጃቸውን አነሱ…

«የኔማ አምና አለፈ። ዛሬ ከመካ የተመለሰችው እሷ ናት… ሐጃ ጁሀራ በሉልኝ!»

መጀመሪያ የተጣራችው መርዋ ናት። «ሐጃ ጁሀራ!»

ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ ተቀበላት… ዕድሜ ልካቸውን የናፈቁት ስም እሳቸው በሌሉበት ተጠራ። ወለተኢየሱስም ከሕዝቡ መሃል ቆማ እያለቀሰች ትጣራ ነበር።

ወዳጆቼ… ሂሳብ ገንዘባችሁ ስንት እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ለምን እንዳጠራቀማችሁት የሚያውቀው ግን ናፍቆታችሁ ነው። ለምትወዱት ሰው ብላችሁ እውነቱን አትደብቁት… እናንተ ያላሰባችሁትን መንገድ እሱ ያውቀው ይሆናል።

እስቲ ልጠይቃችሁ… አብሯችሁ የሚኖረው ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚናፍቀው ነገር ምንድን ነው? ታውቁታላችሁ… ወይስ ጠይቃችሁት አታውቁም?

ከነስሙ ከታች ጻፉልን።