ሁለት ማይክ

ሚልኪያስ ድራሙን የሚቀዳበት ማይክ ሁለት ብቻ ነበረው። አንዱን በሲባጎ ከጣሪያው አንጠልጥሎ ከድራም መቺው ራስ በላይ አወረደው፤ ሌላውን በትልቁ ድራም ሆድ ውስጥ፣ በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ አስተኛው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ቤቱን እንደ ምድጃ ቢያግለውም ድምፁ እንዳይገባበት ፋኑን አጠፋ። የቀረው የጎረቤት ወፍጮ ነው።

"እትዬ ውባለም ለአስር ደቂቃ እንዲያቆሙልን ለምኛቸው ልምጣ" ብሎ ድራም መቺውን፣ የዘጠኝ ዓመት ባልንጀራውን ሙጂብን፣ እዚያው ትቶት ወጣ።

እትዬ ውባለም የጀመሩትን ማሽላ ጨርሰው እንደሚያቆሙ ነገሩት። ተመልሶ ሲገባ ግን ቅጂውን ሳያቆም መውጣቱን አየ። ወፍጮው እስኪቆም ብሎ ሄድፎኑን ጆሮው ላይ አደረገና ቅጂውን ወደ ኋላ መልሶ አዳመጠው።

የራሱ እርምጃ ተሰማ። በሩ ተዘጋ። ቀጥሎ ሙጂብ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ቅዳሜ ማይኮቹን ይዘን አዲስ አበባ እንገባለን። ለሚልኪያስ እንዳትነግረው" አለ።

ሚልኪያስ ድምፁን ከፍ አደረገው።

አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገና መለሰ፦ "ምን ብዬ እነግረዋለሁ? እሱ እንደሆነ አንተን ያምንሃል።"

የመለሰው ድምፅ የራሱ የሚልኪያስ ነበር።

ሄድፎኑን ቀስ ብሎ አወለቀ። "ሙጂብ፣ ቅድም ከማን ጋር ነበር የምታወራው?"

ሙጂብ ግራ ተጋብቶ አየው። "ከአንተ ጋር ነዋ።"

ያን ጊዜ ወፍጮው ቆመ። በሩ ተንኳኳ፤ ውጭ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገና በዚያው በሚልኪያስ ድምፅ፣ "ሙጂብ፣ ክፈትልኝ፤ አቁመውልናል" አለ።

ሙጂብ የሚልኪያስን ክንድ ጨበጥ አድርጎ ወደ ጆሮው ተጠጋ።

"ዝም በል" አለው፤ "ሚልኪያስ መጣ።"